ገዳዩ የሚታወቅበት አገርና የመርማሪው ልቦለድ

በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የታገደው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም. በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለዓለም አንባቢ ሲቀርብ፣ ወሬውን የሰማ አማርኛ አንባቢ ሁሉ ደስ ተሰኘ፤ ደስታውም የተገባ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ደስታ መካከል ሳይመረመር የታለፈ አንድ ጉዳይ አለ። እኛ ዘንድ የፖለቲካ፣ የጦርነትና የፍቅር መጽሐፍ ሆኖ ሲነበብ የኖረው ይህ ድርሰት በባሕር ማዶ የተሰለፈው ከስለላና ከወንጀል ልቦለዶች ጎን ነው፤ በአሜሪካ ያሳተመው ሶሆ የተባለው ድርጅትም በጣልያን ጥንታዊት ከተማ በፍሎረንስ የተቀነባበሩትን የማግደለን ናብን የምርመራ ልቦለዶች ለአሜሪካውያን ሲያቀርብ የኖረ አሳታሚ ነው።

በአንድ አሳታሚ ጥላ ሥር የተገናኙት እነዚህ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ግን በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያያሉ። በፍሎረንሱ መጽሐፍ ውስጥ መርማሪ አለ፤ ሰው በሞተ ቁጥር ማን እንደ ገደለው መጠየቅ ግዴታው የሆነ፣ ለዚህም ደመወዝ የሚቆረጥለት፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚሸጋገር አንድ ባለሥልጣን አለ። ጣልያኖች በሠሯት በአስመራ ከተማ ውስጥ በሚፈጸመው በአማርኛው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሰላይ አለ፣ ካድሬ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፤ መርማሪ የለም። ከመጽሐፉም ውጭ እንዲሁ ነው፤ ደራሲው በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ማን ወሰደው፣ የት አደረሱት ብሎ መዝገብ የከፈተና ለፍርድ ያደረሰ መርማሪ አልተገኘም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን ያህል ዕድሜ ቆጥሮ፣ በአንድ ከተማ ተቀምጦ የዚያችን ከተማ ኃጢአት በየመጽሐፉ የሚመረምር፣ አንባቢው በስሙ የሚጠራው መርማሪ ስለ ምን አልተከለም? ቢተክልስ የማንን መልክ ቢይዝ ይበጃል? ምክንያቱን ከደራስያን የምናብ ማነስ የሚያደርሱ አሉ። እኔ ግን ምክንያቱ በአገሩ የፍትሕ ሥርዓት ታሪክ ውስጥ ነው እላለሁ። በተጨማሪም፣ እንደ እኛ ላለ አገር አብነት የሚሆነው በትርጉም የለመድነው የለንደኑ ሼርሎክ ሆልምስ ሳይሆን፣ እምብዛም የማናውቃቸው የቬኒስና የፍሎረንስ መርማሪዎች መሆናቸውን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የጥንታዊቱ ከተማ መርማሪ

ዶና ሊዮን የተባለችው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1942 በኒው ጀርዚ የተወለደች አሜሪካዊት ስትሆን፣ በቬኒስ ለብዙ ዓመታት ኖራ፣ ኮሚሳር ጉዊዶ ብሩኔቲ የተባለውን መርማሪ ፈጥራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከሠላሳ በላይ ልቦለዶችን በእርሱ ዙሪያ ጽፋለች። በመጀመሪያው መጽሐፏ ላ ፌኒቼ በተባለው ኦፔራ ቤት አንድ ስመ ጥር የሙዚቃ ቡድን መሪ በትርኢቱ ዕረፍት ጊዜ በመርዝ ሞቶ ይገኛል። የብሩኔቲ አካሄድ አስተውሎ ላየው እንግዳ ነው። በሬሳው አጠገብ ያለውን ጽዋ ከማገላበጥ ይልቅ ሟቹ በሕይወቱ ማንን እንደ በደለ፣ ማንስ ስለ እርሱ ዝም እንዳለ ለመስማት ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ቡና ይጠጣል፤ ይጠብቃል። ባለቤቱ ፓኦላ የመኳንንት ልጅ ናትና፣ በመዝገብ የማይገኘውን የከተማይቱን ምሥጢር ከአማቱ ከኮንት ፋሊየር የሚሰማበት ጊዜ አለ። አለቃው ፓታ ደግሞ ዋና ጭንቀቱ እውነት መገኘቱ ሳይሆን የታላላቅ ሰዎች ክብር አለመነካቱ ነው። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ አንባቢው ጥፋተኛውን ያውቃል፤ ብሩኔቲም ያውቃል፤ ፍርድ ቤት ግን አያውቅም፣ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

የማግደለን ናብ መርማሪ ከዚህም ይልቅ ትሑት ነው። እንግሊዛዊቱ ናብ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስጀመረችው ማርሻል ጓርናቻ ከሲሲሊ ተዛውሮ የመጣ፣ በፒቲ ቤተ መንግሥት በሚገኝ አነስተኛ የካራቢኔሪ (የጣልያን ወታደራዊ ፖሊስ) ጣቢያ የሚያገለግል ወፍራም ሰው ሲሆን፣ ዓይኖቹ ፀሐይ ሲያገኛቸው ስለሚያለቅሱ ጥቁር መነጽር አይለየውም። ብልህ አይባልም፤ ራሱም ብልህ ነኝ አይልም። የተሰጠው ጸጋ መቀመጥና ማየት ነው፤ አሮጊቶች፣ ሠራተኞች፣ የቤት አከራዮች በፊቱ ሲናገሩ ይሰማል፤ ከተናገሩት ይልቅ የዘለሉትን ያስታውሳል።

ሆልምስ ከእነዚህ የሚለየው በሚኖርበት ከተማ ጠባይ ነው። የዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ለንደን በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንግዶች የተከማቹባት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅባት ከተማ ስለ ነበረች፣ መርማሪው የሰውን ማንነት ከጫማው ጭቃ፣ ከትንባሆው አመድ፣ ከእጁ ጠባሳ ማንበብ ነበረበት፤ ሌላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውምና። ዛሬ በጥንታዊቱ የቬኒስ ደሴት የሚኖረው ሕዝብ ግን ከሃምሳ ሺህ በታች ወርዷል፤ በእንደዚህ ያለ ቦታ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የማን ሀብት ከየት እንደ መጣ ሁሉም ያውቃል። ምሥጢሩ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የተቀበረ አይደለም፤ በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ተከፋፍሎ ተዘግቷል። ስለዚህ የመርማሪው ሥራ መፍታት መሆኑ ይቀርና ማናገር ይሆናል። ፈረንጆቹ ስለ ጣልያን ከተማ የጻፉት ይህ ጠባይ ከጎጃም ከተሞች ከመራዊ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዙሪያቸው ገጠር ጠባይ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ፣ «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው ሳይነገረው ያስተውለዋል።

ጣልያኖቹ ራሳቸው ደግሞ ነገሩን ከውጭ ሰዎቹ ይልቅ አምርረው ጽፈውታል። የፋሽስቱ መንግሥት በ1941 እ.ኤ.አ. በአገሩ በስፋት ይነበብ የነበረውን የሞንዳዶሪ የወንጀል ልቦለዶች ተከታታይ እትም አስቁሞ ነበር፤ ሥርዓት ሰፍኖባታል በተባለች አገር ወንጀል አለ ብሎ መጻፍ የመንግሥትን ክብር እንደ መንካት ይቆጠር ስለ ነበር ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1961 እ.ኤ.አ. ሊዮናርዶ ሻሻ በጻፈው ልቦለድ፣ ከሰሜን ጣልያን ወደ ሲሲሊ የተላከ አንድ የካራቢኔሪ መኮንን ገዳዩን ከነአዛዡ ለይቶ ካወቀ በኋላ፣ የድካሙ ሁሉ ፍሬ በሮም ባለሥልጣናት እጅ ሲፈርስ ያያል። ቤልሎዲ የተባለው ይህ መኮንን ለእኛ ከብሩኔቲ ይልቅ የቀረበ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ቤልሎዲም ቢሆን ከመሸነፉ በፊት ሕጉን የያዘ፣ ሕጉም ለጊዜው የታዘዘለት ሰው መሆኑ አይዘንጋ።

ከመርማሪው በፊት የነበረው ሥርዓት

ወደ እኛ ስንመለስ፣ አገሩ ወንጀልን የመመርመር ጥበብ አልነበረውም የሚለው አባባል ፈጽሞ ስሕተት ነው። ጥበቡ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አንድ ሰው ሳይሆን አገሬው በሙሉ ነበር።

በቀደመው ዘመን በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር በሬ ከበረት ቢሰረቅ፣ ጎጆ በሌሊት ቢቃጠል፣ ወይም ሰው በመንገድ ተገድሎ ቢገኝና ያደረገው ቢሰወር፣ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ሹሙ የአካባቢውን ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበስባል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ የመጣውም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከተሰበሰበው መካከል የታመኑ ሽማግሌዎች ተመርጠው ይምላሉ፤ የሚያውቅ ሰው ለእነርሱ በምሥጢር ይነግራል፤ እነርሱም የነገራቸውን ሰው ሳይገልጡ፣ ወፍ ነገረን ብለው የተጠረጠረውን ሰው ስም ያወጣሉ። ጥፋተኛው ያልተገኘ እንደ ሆነ የጠፋውን ንብረት ዋጋ የአካባቢው ሰው በአንድነት ይከፍላል።

የዚህ ሥርዓት አሠራር ቢመረመር የሚያስደንቅ ብልሃት አለበት። ሰውን ከእርሻውና ከከብቱ ለይቶ በሜዳ ማቆየት የዝምታን ዋጋ ያስወድዳል፤ የተናጋሪውን ስም መሰወር የመናገርን ዋጋ ያረክሳል፤ የጋራው ዕዳ ደግሞ በነገሩ የለሁበትም የሚለውን ጎረቤት ሁሉ ባለጉዳይ ያደርገዋል። ችግሩ ወንጀለኛው ያልታወቀ መሆኑ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው አለመናገሩ እንደ ሆነ ሥርዓቱን ያቆሙት አባቶች በሚገባ ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የተከሰሰው ሰው ከሳሹን አያውቀውም፤ ከሳሹንም ጠይቆ ማፋለስ አይችልም፤ ቂም ያለው ሰው በወፍ አፍ ሊበቀል ይችላል፤ ወገን የሌለው መጻተኛና ድኻው ደግሞ ሁልጊዜ ለስሙ መውጣት የቀረበ ነው።

ሌባ ሻይ የሚባለው ሁለተኛው ሥርዓት ከዚህ የከፋ ነበር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ብላቴና መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ወገቡ በመቀነት ታስሮ፣ ባለመድኃኒቱ ከኋላው እየያዘው በመንደሩ መካከል ይለቀቃል፤ ብላቴናው እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ወይም የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምስክር አያስፈልግም፤ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የሰከረው ልጅ እግር ፍርዱ ነው። ልጅ ኢያሱ በአጭሩ ዘመነ መንግሥታቸው ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ላይ ታስረው የሚሄዱበትን የቁራኛ ሥርዓትና ይህን ሌባ ሻይን ለማስቀረት መሞከራቸው ከሚመሰገኑባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ሦስተኛው ሙግት ነው። በላ ልበልሃ እየተባለ በሜዳ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በሹም ፊት ይካሄድ የነበረው የቃል ክርክር፣ እውነት በንግግር ኃይል ከባላጋራ አፍ ተስባ የምትወጣበት ሥርዓት ስለ ነበር፣ ተከራካሪው ዜማና ቤት እየመታ፣ ቅኔ እየወረወረ ባላጋራውን ይረታል። ይህ ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ከፍ ያለ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ሌላው ዓለም ወንጀልንና ፍርድን በልቦለድ ከማየቱ በፊት እኛ በሙግት እንደ ቲያትር ስናየው ኖረናል፤ ለዋሸራና ለጎንጅ የቅኔ ልጅ ደግሞ ከተነገረው ሰም በታች የተሸሸገውን ወርቅ መፈለግ የዕለት ትምህርቱ ነበር።

በምልክትና በማስረጃ የመመርመር ጥበብም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ባዕድ አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል በሶስና ላይ በሐሰት የመሰከሩትን ሁለት ረበናት ለያይቶ፣ እያንዳንዳቸውን በምን ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠይቆ፣ ቃላቸው ሲለያይ ንጽሕናዋን ገልጧል፤ ዛሬ መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን በተለያየ ክፍል የሚያስቀምጠው ስለዚሁ ነው። በባቢሎን የቤል ጣዖት መባውን በሌሊት ይበላል ሲባልም በመቅደሱ ወለል ላይ አመድ አስነስንሶ በሩን ካሳተመ በኋላ፣ በነጋታው የሰባውን ካህናት፣ የሚስቶቻቸውንና የልጆቻቸውን የእግር ዱካ ለንጉሡ አሳይቶታል። ከዚህ የጠራ የምርመራ ታሪክ በየትኛውም አገር መጽሐፍ አይገኝም። ሆኖም ዳንኤል መርማሪ የሆነው መንፈሰ እግዚአብሔር ስላደረበት ነው፤ ሹመት አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ወንበሩን የወረሰ ሰው የለም። የመርማሪ ልቦለድ ደግሞ የሚቆመው በወንበር ላይ ነው፤ ሰውዬው ቢሞት ሌላ የሚተካበት ወንበር።

ሕጉ መጣ፣ መርማሪው ዘገየ

ያ ወንበር በኢትዮጵያ የተሠራው ከነጻነት በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ታወጁ። ይህ የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ለልቦለድ ጸሐፊ ቢታወቀው፣ ሙሉ መሣሪያ ነው፤ ፖሊስ ክስ ሲቀርብለት ምርመራ የመክፈት ግዴታ አለበት፤ የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ይገባዋል፤ ለሚጠየቀውም መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። በወፍ ቃል ስሙ ይወጣ ለነበረ ሰው ይህ ታላቅ መዓርግ ነው፤ ለመርማሪው ደግሞ ከባድ ቀንበር ነው፤ ምክንያቱም አገሬው በሙሉ የሚያውቀውን ነገር በምስክርና በማስረጃ ሊያረጋግጥ ተገድዷል፤ አገሬውን በሜዳ የማገት ሥልጣኑን ግን አጥቷል። የመርማሪ ልቦለድ ዋናው ውጥረት ከዚሁ ክፍተት የሚወለድ ነበር፤ በማወቅና በማስረዳት መካከል ካለው ክፍተት።

ነገር ግን ወንበሩ ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዓይነት መርማሪ ተቀመጠበት። በደርግ ዘመን ምርመራ የሚለው ሥራ በሕዝቡ ዓይን ከወንጀል ይልቅ ከፖለቲካ ጋር ተቆራኘ፤ በአዲስ አበባ ማዕከላዊ ተብሎ የሚጠራው የወንጀል ምርመራ ቤት በደርግም ሆነ ከእርሱ በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን እውነት የሚፈለግበት ሳይሆን ቃል በግድ የሚወሰድበት ስፍራ ሆኖ ታወቀ፤ በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋም ድረስ ስሙ ያስፈራ ነበር። መርማሪን በቤተሰብ ሐዘን የሚያውቅ አንባቢ፣ ያንኑ ሰው በልቦለድ ውስጥ የእውነት ወዳጅ አድርገው ቢያቀርቡለት በቀላሉ አይቀበልም። ብሩኔቲን የሚያነብ ሰው ባይወደው እንኳ፣ ቢያንስ እንዲህ ያለ ሰው በጣቢያው ሊኖር ይችላል ብሎ ያምናል።

ይህ የሩቅ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ የደረሰውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሲገልጥ፣ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን አረጋግጧል። ስለ ምርመራ የሚጽፍ ሰው ይህን አልፎ ሊሄድ አይገባውም፤ ልቦለድን ከእንደዚህ ያለ ሐዘን ጋር ማስተያየት ደግሞ ለሟቾቹ ክብር ጥንቃቄ ይሻል። ለዚህ ሐተታ የሚበቃው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ገዳይ የተባለውና መርማሪው ከአንድ ደጅ ሲወጡ፣ የሟች ቤተሰብ ጥያቄ ማን ገደለ ከሚለው ያልፍና ማን ይመርምር ወደሚለው ይሸጋገራል፤ ይህን ጥያቄ የማይሸከም የወንጀል ልቦለድ በዚህ አገር እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

ልቦለዱ የሄደበት መንገድ

ከዚህ የተነሣ በአማርኛ የተጻፈው ወንጀል ነክ ልቦለድ ሌላ መንገድ ፈልጓል። ይልማ ሀብተየስ የምርመራ ልቦለድን በአማርኛ ለመትከል ከደከሙት ደራስያን ግንባር ቀደም ሆኖ ስሙ ይነሣል፤ ተከታይ ግን ብዙ አላገኘም። ማሞ ውድነህ የዓለምን የስለላ ታሪክ በተከታታይ እየተረጎመ ለአንድ ትውልድ አንባቢ የምሥጢርን ጣዕም አስተማረ። የሆልምስ ታሪኮችና የሲድኒ ሼልደን መጻሕፍት ተተርጉመው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። «ፖሊስና እርምጃው» የተሰኘው የፖሊስ ጋዜጣና ከእርሱ በኋላ የመጡት የሬዲዮና የቴሌቪዥን የፖሊስ ዝግጅቶች ደግሞ የእውነተኛ ወንጀል ታሪክ ለሚሻው ሕዝብ አቀረቡለት። ነገር ግን በእነዚህ ዝግጅቶች ታሪኩ የሚነገረው ወንጀለኛው ከተያዘ በኋላ ነው፤ ተራኪውም ፖሊስ ነው፤ ጥርጣሬ የለም፤ መርማሪው ተሳስቶ ንጹሕ ሰው ያሰረበት ገጽ የለም። አንባቢው ፍጻሜውን ተቀበለ እንጂ በጥርጣሬ ውስጥ መኖርን አልተማረም፤ የምርመራ ልቦለድ ጣዕም ደግሞ ጥርጣሬው ነው።

ከሁሉም ከፍ ያለው «ኦሮማይ» በዚህ መካከል የተለየ ስፍራ አለው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲደርስ፣ የካፌው፣ የመንገዱ፣ የሕንጻው መልክ ጣልያናዊ በሆነባት ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ ወዳጅ ሰላይ ሊሆን ይችላል፤ የሻዕቢያው የስለላ ሰው ስዕላይ በራኺ በየሰዉ መካከል ጥላው ይሰማል፤ ፊያሜታ ጊላይን የወደደው ልብም ቢሆን ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። ጥርጣሬው ሙሉ ነው፤ ከተማይቱ ሙሉ ናት፤ የጎደለው ከፖለቲካው በላይ የሚቆም፣ ለሟቹ ስለ ሟችነቱ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ነው። በዓሉ እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ዘመን በዚያች ከተማ ሊኖር እንደማይችል ስላወቀ አልፈጠረውም። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የእውነተኛነቱ ማረጋገጫ ነው።

በጎጃምም ምድር ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በፋሽስት ዘመን ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው የጣልያንን አገር በእስረኛ ዓይን ያዩ ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፍኖተ ሰላም ብዙም ከማትርቀው ከማንኩሳ ታሪኩን ሲጀምሩ፣ ግፉን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ አሳይተዋል። የተሸሸገ ወንጀል የለም፤ በዳዩም ተበዳዩም ይታወቃሉ፤ የታወቀውን በስሙ የሚጠራው ካሣ ዳምጤ ግን ጉዱ ካሣ ተብሎ እንደ እብድ ይቆጠራል። ለእኔ እንደሚታየኝ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለመርማሪ እጅግ የቀረበው ሰው እርሱ ነው፤ ማየትም መናገርም ይችላል፤ የጎደለው ሥልጣን ብቻ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ምሥጢሩን በጣና ገዳማትና በባዕዳን የስለላ ድርጅቶች መካከል አድርጎ እጅግ ብዙ አንባቢ ስቧል። የአንባቢው ጥማት እውነተኛ መሆኑን ይህ አሳይቷል። ነገር ግን ምሥጢሩ በገዳም ዋሻ ወይም በባሕር ማዶ ሲሆን ደራሲው ጎረቤቱን፣ የቀበሌውን ሹም፣ የወረዳውን ዳኛ መክሰስ አያስፈልገውም፤ ስበቱም ምቾቱም ከዚህ ነው።

ወዴት ያመራ ይሆን?

አንደኛው ሊሆን የሚችለው ነገር ያለው መቀጠሉ ነው፤ ትርጉሙ ይተረጎማል፤ በሬዲዮና በስልክ የሚደመጠው ትረካ አድማጩን ያበዛዋል። ተርጓሚው ማንንም አያስቀይምም፤ አሳታሚውም የተፈተነ ታሪክ ስለሚያገኝ አይከስርም። ጉዳቱ ግን አንባቢያችን የእንግሊዝን ዳኝነት ከራሱ አገር ሥነ ሥርዓት ሕግ አብልጦ እያወቀ መሄዱ ነው፤ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ መብቱ መሆኑን ከልቦለድ ሊማር ይችል የነበረ ሰው፣ የሚያውቀው በለንደን መርማሪው ሰውን ሲይዝ ምን እንደሚል ነው።

ሁለተኛው እንደ «ዴርቶጋዳ» ያለው የሤራ ልቦለድ መስፋፋት ነው፤ ስለ እርሱ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ሦስተኛው፣ የምመኘውም፣ በአንድ ወረዳ ከተማ ጣቢያ የሚቀመጥ የራሳችን መርማሪ ነው። በዚህ ላይ የቆሙት መሰናክሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው፤ ብሩኔቲም ጓርናቻም የተወለዱት በአንድ መጽሐፍ አይደለም፤ ደራሲውን ለአምስትና ለስድስት መጻሕፍት የሚታገሥ አሳታሚ አግኝተው ነው። በአገራችን ግን አብዛኛው ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ወይም በወዳጆቹ ገንዘብ በመሆኑ፣ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋም በየጊዜው ስለሚንር፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ እንደ መጨረሻው ሆኖ ይጻፋል። በተከታታይ የሚዘልቅ መርማሪ በእንደዚህ ያለ ገበያ አይበቅልም፤ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ በየሳምንቱ እየተከፋፈለ ቢቀርብ ግን የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

ሁለተኛው የጎረቤት ዓይን ነው፤ ይህ ከገንዘቡ ይከብዳል። ዶና ሊዮን መጻሕፍቷ በጣልያንኛ እንዳይተረጎሙ ከልክላ ኖራለች፤ ስለዚህ ስለ ጎረቤቶቿ ስትጽፍ ጎረቤቶቿ በራሳቸው ቋንቋ አያነቡአትም። በመራዊ ወይም በቡሬ ተቀምጦ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ ያለ መጠለያ የለውም። ስለ ድንበር ጠብ፣ በመሬት ደብተር ላይ ስለ ተለወጠ ስም፣ ስለ ተገደለ ሰውና ሽማግሌ ገብቶ ደም ስላደረቀበት እርቅ ቢጽፍ፣ የአካባቢው ሰው እከሌን ነው ይላል፤ የታረቀው ቂምም ሊቀሰቀስ ይችላል። እርቁ ራሱ ለልቦለድ እንቅፋትም ሀብትም ነው፤ እንቅፋት የሚሆነው ቤተሰቡ ከታረቀ በኋላ ምስክር ስለማይገኝ ነው፤ ሀብት የሚሆነው ደግሞ በመርማሪው ፊት የሚያቆመው ጥያቄ በቬኒስ እንኳ የሌለ ስለ ሆነ ነው፦ ሽማግሌዎች ደሙን አድርቀው ሁለት ወገን በሰላም እንዲኖር ካደረጉ በኋላ፣ መንግሥት መዝገቡን ከፍቶ እውነቱን ማውጣቱ ፍትሕ ነው ወይስ ሌላ ደም? ከዚህ የሚልቅ የምርመራ ልቦለድ ጭብጥ አላውቅም።

መውጫው ዘመንን ወደ ኋላ መመለስ ይመስለኛል። በ1954 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ተልኮ ቡሬ የደረሰ አንድ ወጣት የፖሊስ መኮንን እናስብ። አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በእጁ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። አንድ ገበሬ ሞቶ ተገኝቷል፤ ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ይጠራ ይላል፤ የሟች ወንድም ገዳዩን አውቀዋለሁ ይላል፤ ቄሱ በንስሐ የሰሙትን መናገር አይችሉም፤ ሽማግሌዎቹ እርቅ ጀምረዋል፤ መኮንኑ ደግሞ ምስክር ያስፈልገኛል ይላል፤ ምስክር የሚሆነው ሰው ግን በሜዳ፣ በወፍ ስም መናገርን እንጂ በዳኛ ፊት በስሙ መቆምን አያውቅም። ያ መኮንን ለአገሩ መጻተኛ ነው፤ እንደ ጓርናቻ ብዙ መቀመጥና ብዙ መስማት ይኖርበታል። ሕጉን እያስከበረ አገሬውን ሊያጣ፣ አገሬውን እያከበረ ሕጉን ሊያጣ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ ጉዳይ ስለ ሆነም ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው እኔን ነው አይልም።

በቅርብ ዓመታት የትኛው ይሆናል ተብዬ ብጠየቅ፣ ትርጉሙና የሤራው ልቦለድ ገበያውን ይዘው ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ተከታታይ መርማሪም ምናልባት ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ የሕዝቡ ብዛትና እርስ በርስ አለመተዋወቁ ደራሲውን ስለሚሸሽገው፣ ያ መርማሪ ወደ ሆልምስ ማዘንበሉ አይቀርም። በምዕራብ ጎጃም የሚቀመጠው ግን ዘግይቶም ቢሆን ሲመጣ የተሻለው እርሱ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ሙግቱን፣ ቅኔውን፣ እርቁንና የዝምታውን ክብደት ከአገሩ ይወርሳልና። ለመምጣቱ ቅድመ ሁኔታው ዛሬ በዚህ አካባቢ ምስክር በስሙ ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ መድረሱ ነው። ያ ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ቡሬ ላይ የሚቀመጠው መርማሪ የመጀመሪያውን መዝገብ የሚከፍተው በ1954 ዓ.ም. ይሆናል።